ምጣኔ ሀብትንና የዓለምን አኃዞች ለመማር የትኞቹን መጻሕፍት ትመክራላችሁ?

መምህር ዘደሴ | ጥቅምት 4

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት፣ ማለትም በአንድ ሀገር በዓመት ውስጥ ስለሚመረተው ዕቃና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ ሳስረዳ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ይህን ቁጥር ማን ቆጠረው? እናቴ ከጓሮ የምትለቅመው ጎመንና እኛን ለማሳደግ የምትደክመው ድካም በውስጡ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። የመማሪያ መጽሐፉን ትርጓሜ ደግሜ ነገርኋት፤ እርሷም በአክብሮት ተቀመጠች፤ ነገር ግን መልሴ ጥያቄዋን እንዳልነካው ሁለታችንም አውቀናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኝ አሥራ አምስት ያህል ተማሪዎች ያሉት የንባብ ቡድን ለማቋቋም ወስኛለሁ። ያለን አንድ መደርደሪያና ለአምስት ወይም ለስድስት መጻሕፍት የሚበቃ ገንዘብ ነው። የምፈልገው ቀመር የሚያስሸመድድ ሳይሆን፣ አንድ ወጣት ስለ ዓለም የሚነገሩትን ቁጥሮች ሲሰማ ከየት እንደመጡና ምን እንደሚናገሩ መመርመር እንዲችል የሚያደርግ መጽሐፍ ነው። ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል? በአማርኛ የተጻፈ ቢገኝ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ነው።

ብራና | ጥቅምት 4

መምህር፣ ለእንዲህ ያለ ቡድን የመጀመሪያው መጽሐፍ የስዊድናዊው ሐኪም የሃንስ ሮስሊንግ «ፋክትፉልነስ» ይሁን ብዬ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። መጽሐፉ ከልጁና ከምራቱ ጋር ያዘጋጀው ሲሆን፣ የታተመው እርሱ ባረፈ በዓመቱ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ሊዘልቀው ይችላል።

መጽሐፉ የሚጀምረው በ13 ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በዓለም ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ስንት ከመቶ የሚሆኑ ልጃገረዶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ይጨርሳሉ የሚል ሲሆን፣ ምርጫዎቹ 20፣ 40 እና 60 ናቸው። ትክክለኛው መልስ 60 ሆኖ ሳለ፣ በየሀገሩ ከተጠየቁት ሰዎች በትክክል የመለሱት 7 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ደራሲው ይናገራል። ይህን ጥያቄ መጽሐፉን ከማከፋፈልዎ በፊት ለተማሪዎችዎ በወረቀት ያቅርቡላቸው፤ ከስህተታቸው የሚያገኙት ትምህርት ከመጽሐፉ ግማሽ አያንስም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ዓለምን «ያደጉ» እና «በማደግ ላይ ያሉ» ብሎ ለሁለት መክፈሉን ትቶ፣ በቀን ገቢ አራት ደረጃዎች ማውጣቱ ነው፤ ከ2 ዶላር በታች፣ ከ2 እስከ 8፣ ከ8 እስከ 32 እና ከዚያ በላይ። እያንዳንዱን ደረጃ ውኃ በምን እንደሚቀዳ፣ ምግብ በምን እንደሚበስል፣ በምን እንደሚኬድ እያሳየ ያስረዳል። በባልዲ፣ በብስክሌት፣ በጋዝ ምድጃ የሚነገር ምጣኔ ሀብት የእኛ ልጆች ቤታቸው የሚያውቁት ነው።

ሦስተኛው፣ ብቻውን የቆመ ቁጥርን አትመኑ የሚለው ምክሩ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. 4.2 ሚሊዮን ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል ሲባል ልብ ይሰበራል፤ ሊሰበርም ይገባል። ነገር ግን በ1950 የሞቱት 14.4 ሚሊዮን እንደነበሩ ሲነገር፣ ቀጥሎም ለተወለዱት ሕፃናት ቁጥር ሲካፈል፣ ያው ቁጥር ሌላ ታሪክ ይናገራል። ማወዳደርና ማካፈል፤ ተማሪዎችዎ እነዚህን ሁለት ብቻ ይዘው ቢወጡ እንኳ ብዙ ነው።

ሰሜን ኮከብ | ጥቅምት 5

ከሚኒሶታ ነው የምጽፈው። በብራና ሐሳብ በአመዛኙ እስማማለሁ፤ ሆኖም «ፋክትፉልነስ» ብቻውን ከተነበበ ተማሪው ዓለም ወደ መልካም እየሄደ ነው በሚል እርካታ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ። መጽሐፉ የሚያሳየው በአብዛኛው የዓለምን አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ የተዘረፈን ቤትና የሞላን ጎተራ ደምሮ ለሁለት ያካፍላል።

ስለዚህ ቀጥሎ ስለ አማካይ፣ ስለ ናሙናና ስለ ግራፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን የሚመከረው የዳረል ሃፍ «ሃው ቱ ላይ ዊዝ ስታቲስቲክስ» ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሥዕል ያለው፣ በሁለት ቀን የሚያልቅ መጽሐፍ። የአንድ ድርጅት ባለቤት ከፍተኛ ገቢ የሠራተኛውን ሁሉ አማካይ ደመወዝ እንዴት እንደሚያሳብጥ፣ ግርጌው የተቆረጠ ግራፍ ትንሿን ጭማሪ እንዴት ተራራ እንደሚያስመስል በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብን፤ ይኸው ደራሲ በኋላ በትምባሆ ኩባንያዎች ወገን ቆሞ ማጨስን ከበሽታ ጋር የሚያያይዙትን አኃዞች አጠራጣሪ ለማስመሰል በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቃሉን ሰጥቷል። ቁጥርን ሁሉ መጠራጠር ብቻ ከተማርን እውነተኛውንም ቁጥር አሽቀንጥረን እንጥላለን።

በዚህ ምክንያት አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል የቲም ሃርፎርድን «ሃው ቱ ሜክ ዘ ወርልድ አድ አፕ» እመርጣለሁ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን እዚህ አሜሪካ «ዘ ዳታ ዲቴክቲቭ» በሚል ርዕስ ይሸጣል። የሃፍን ታሪክ መነሻው አድርጎ፣ ጥርጣሬ ሳይሆን ጠያቂነት እንዴት እንደሚለመድ ያስተምራል። ካስፈለገ ሁለት ቅጂ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ልልክልዎ እችላለሁ።

የቆጠራ ሰው | ጥቅምት 5

የተማሪዎ ጥያቄ እኔን ይመለከታል፤ ምክንያቱም «ማን ቆጠረው?» ለሚለው መልሱ በከፊል እኔና እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ነን። ለአሥራ አንድ ዓመታት በገጠር የግብርና ናሙና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ።

አንድ ገበሬ «ዘንድሮ ስንት አገኙ?» ተብሎ ሲጠየቅ በኩንታል አይመልስም። በቁና፣ በዳውላ ወይም በእንቅብ ነው የሚነግርዎ፤ የአንዱ ቀበሌ ቁና ደግሞ ከሌላው ቀበሌ ቁና ጋር እኩል አይደለም። መሬቱን በጥማድ ይናገራል፤ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ተዳፋቱና ሜዳው፣ ጥቁሩና ቀዩ አፈር ይለያያል። ስለዚህ ማሳውን እንለካለን፤ ሰብሉ ሲደርስ ደግሞ ከማሳው መካከል በዕጣ በወጣ ቦታ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ካሬ በገመድ ከልለን፣ በውስጡ ያለውን ብቻ አጭደን፣ ወቅተን፣ አድርቀን እንመዝናለን። ገበሬው «ከዚያች ቁራሽ ምን ታውቃላችሁ?» እያለ ቆሞ ያየናል። ከዚያች ቁራሽና ከሺዎች መሰሎቿ ነው «የሀገሪቱ የጤፍ ምርት ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል» የሚባለው የሚወጣው።

ይህን የምናገረው ቁጥሩ አይታመንም ለማለት ፈጽሞ አይደለም። ካሬው በትክክል ከተከለለ፣ ዕጣውም ሳይዛባ ከወጣ፣ ናሙና እጅግ ብዙ እውነት ይናገራል። ይልቁንም እያንዳንዱ አኃዝ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ተማሪዎቹ እንዲያውቁ ነው።

ስለ ሕዝብ ብዛትም አንድ ነገር ይንገሯቸው። በሀገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የመጨረሻው ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቆጠረ፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን ሲባል ግምት ነው፤ «የነፍስ ወከፍ» የሚባል አኃዝ ሁሉ በዚህ ግምት የተካፈለ ነው።

ስለ ጎመኑና ስለ ድካሙ፦ በዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ ደንብ መሠረት ቤተሰቡ አምርቶ ራሱ የሚበላው ጎመን ባይሸጥም በግምት መቆጠር አለበት። እናቲቱ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ምግብ ለማብሰልና ቤት ለማጽዳት የምትደክመው ድካም ግን አይቆጠርም። ያንኑ ሥራ ተቀጥራ በሰው ቤት ብትሠራው ይቆጠራል። ተማሪዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ጠይቃለች፤ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ።

መምህር ዘደሴ | ጥቅምት 5

የቆጠራ ሰው፣ ጽሑፍዎን ነገ ለክፍሉ በሙሉ አነብላቸዋለሁ። ስለ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት አፈጣጠር ይህን የመሰለ ነገር የሚያስረዳ መጽሐፍ ይኖር ይሆን?

የቆጠራ ሰው | ጥቅምት 6

ሁለት አሉ። የመጀመሪያው የእንግሊዛዊቷ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የዳያን ኮይል «ጂዲፒ» (የጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት የእንግሊዝኛ አጠራር በአጭሩ) የሚለው አጭር መጽሐፍ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይህ መለኪያ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንዴት እንደተወለደ ይተርካል። መሠረቱን ከጣሉት አንዱ የሆነው ሳይመን ኩዝኔትስ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ የአንድ ሕዝብ ደህንነት ከብሔራዊ ገቢ መጠን ሊታወቅ እንደማይችል ራሱ አስጠንቅቆ ነበር።

ሁለተኛው የኖርዌያዊው የሞርተን የርቨን «ፑር ነምበርስ» ነው፤ 2013 እ.ኤ.አ.። ስለ አፍሪካ አኃዞች ነውና ለእኛ ቅርብ ነው። ጋና በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. የመነሻ ዓመቷን፣ ማለትም ምርቷን ለማስላት ዋጋውና የየዘርፉ ድርሻ የሚወሰድበትን ዓመት፣ ከ1993 ወደ 2006 ስትቀይር ምርቷ በአንድ ቀን ከ60 ከመቶ በላይ አድጎ ተገኘ፤ ከድሃ ሀገሮች ተርታም ወጥታ መካከለኛ ገቢ ካላቸው ተመደበች። በዚያ ሌሊት አንድም ተጨማሪ ጆንያ ኮኮዋ አልተለቀመም፤ የተለወጠው የሒሳቡ መነሻ ነው። ናይጄሪያም በ2014 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አድርጋ 89 ከመቶ ጨምራለች። መጽሐፉ ለምሁራን የተጻፈ ስለሆነ ለእርስዎ እንጂ ለተማሪዎቹ አልመክረውም።

ሳልረሳው፣ ከውጭ ድርጅቶች ሠንጠረዥ ስትገለብጡ ዓመቱን በጥንቃቄ ተመልከቱ። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሁለት የፈረንጅ ዓመቶችን ይነካል። «2010» የሚል ቁጥር በእኛ ከሆነ በእነርሱ 2017/18 ነው። በዚህ ስህተት ምክንያት የሰባት ዓመት ልዩነት ያላቸው አኃዞች ጎን ለጎን ተሰልፈው በአይኔ አይቻለሁ።

ቦሩ ሜዳ | ጥቅምት 7

መምህሩ ከደሴ ሆነው ሲጠይቁ እስካሁን ማንም ያላነሣው መጽሐፍ መኖሩ አስገረመኝ። የሕንዳዊው የአማርትያ ሴን «ፖቨርቲ ኤንድ ፋሚንስ»፣ «ድህነትና ረሃብ» ማለት ነው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲታተም አንዱ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ስለ ወሎ ረሃብ የተጻፈ ነበር። ዓለም በየዩኒቨርሲቲው የሚማረው ንድፈ ሐሳብ ከማስረጃዎቹ አንዱን ያገኘው ከደሴ ገበያ ነው።

የሴን ክርክር ሲጠቃለል ረሃብ ማለት የተወሰኑ ሰዎች ምግብ ማጣታቸው ነው እንጂ የግድ በሀገሩ ምግብ መጥፋቱ አይደለም የሚል ነው። በ1965 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የምግብ አቅርቦት የጎላ ቅናሽ እንዳላሳየ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም ከፍ እንዳላለ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር ያሳያል። ሰው እየሞተ የእህል ዋጋ እንዴት አይንርም? መልሱ ይህ ነው፤ የገበሬው ማሳ ሲደርቅ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም አብሮ ደረቀ። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃቡ በገበያ አይሰማም። የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ በአዋሽ ዳርቻ የነበረው የግጦሽ መሬት ለጥጥ እርሻ ሲወሰድበት፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ የተረፈውም ከብት በእህል ሲመነዘር ዋጋው ሲወድቅ በሦስት በኩል ተመታ።

አያቴ በዚያ ዓመት ከየጁ በእግሯ ወደ ደሴ ከመጡት አንዷ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም ነበር፤ አንድ ነገር ግን ደጋግማ ትናገር ነበር፦ «እህሉማ በጆንያ ተደርድሮ እናየው ነበር።» ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሴንን ምዕራፍ ያነበብሁ ለት የአያቴን ቃል በሠንጠረዥ ተጽፎ አገኘሁት፤ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ።

በምዕራፉ ላይ ትችት መቅረቡንም ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። የደሴ ከተማ ዋጋ መንገድ የሌለውን የገጠር ወረዳ ዋጋ አይወክልም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክብደት ያለው ትችት ነው። ከጎኑ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ ስላለው ተጋላጭነት የሚናገረው ጥናት ቢነበብ ክርክሩ ይሟላል። ቀድሞ ፎቶ ኮፒ አድርገው ያንን ምዕራፍ ብቻ ቢሰጧቸው ይበቃል፤ ሙሉው መጽሐፍ ቀመር አለበት።

ጎጃም በረንዳ | ጥቅምት 8

ቦሩ ሜዳ፣ ስለ አያትዎ ነፍስ ይማር። እኔ የእህልና የቡና ነጋዴ ነኝ፤ የተማርሁት በገበያ ነው፤ ነገር ግን አነባለሁ።

መምህሩ የአማርኛ መጽሐፍ ጠይቀዋል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አለላቸው። ደራሲው ያረፉት በ1911 ዓ.ም. ሲሆን መጽሐፉ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በምድር ባቡሩና በድሬዳዋ ጉምሩክ ስለሠሩ ንግድን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሚወጣና ከሚገባ ዕቃ ያውቁታል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ፣ ያላወቀው የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ቀን ሥራ እየለወጠ እንደሚደኸይ ያስረዳሉ። የላቲን አሜሪካው ራውል ፕሬቢሽ ጥሬ ዕቃ ሻጭ ሀገሮች እንዴት እንደሚጎዱ በመጻፍ የታወቀው ከእርሳቸው ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ቋንቋው ጥንታዊ ነው፣ ግን ይጣፍጣል፤ በየሳምንቱ አምስት ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

የቡናን ነገር ለሚወድ ተማሪ ደግሞ የዚያው የቲም ሃርፎርድ የቀድሞ መጽሐፍ «ዚ አንደርከቨር ኢኮኖሚስት» የሚጀምረው ከአንድ ስኒ ቡና ነው። ከስኒው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ማን እንደሆነ ሲመረምር ባለቦታው ሆኖ ያገኘዋል። እኔም ከሱቅ ኪራይ የማውቀው ይህንኑ ነው።

ብራና | ጥቅምት 8

አሁን የሚጎድለን የትምህርቱን አጠቃላይ መልክ የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ነው። ብዙ ሰው የአሜሪካዊውን የምጣኔ ሀብት ምሁር የግሪጎሪ ማንኪውን ትልቅ የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ይመክራል። ሥርዓት ያለው መጽሐፍ ነው፤ ቅር የሚለኝ ግን አንዱን አስተሳሰብ የምጣኔ ሀብት ሁሉ አድርጎ ማቅረቡ ነው። የደቡብ ኮርያ ተወላጁ ሃ ጁን ቻንግ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ኢኮኖሚክስ፦ ዘ ዩዘርስ ጋይድ» ዘጠኝ የአስተሳሰብ ፈለጎችን ጎን ለጎን አቅርቦ የእያንዳንዱን ብርታትና ድክመት ይናገራል፤ በየምዕራፉም እውነተኛ አኃዞችን ይሰጣል። ደራሲው ስለ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ የራሱ ጠንካራ አቋም ስላለው አንባቢው ይህን አውቆ ማንበብ አለበት። በነፃ ለሚፈልግ «ኮር ኢኮን» የተባለው የምሁራን ስብስብ ያዘጋጀው «ዚ ኢኮኖሚ» ሙሉ መማሪያ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል።

አኃዙን ራሱን ለማየት ውድ መጽሐፍ አትግዙ። የዓለም ባንክ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መረጃውን በነፃ ከፍቶታል፤ «አወር ወርልድ ኢን ዳታ» የተባለው የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ገጽም እንዲሁ።

ሰሜን ኮከብ | ጥቅምት 9

ብራና ባነሣው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ተማሪዎች በዶላር የተጻፈ ሠንጠረዥ ሲያዩ በየትኛው ምንዛሪ እንደተሰላ ይጠይቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው በ57 ሲሰላ ገቢው 175 ዶላር ነው፤ በ120 ሲሰላ 83 ዶላር። በአንድ ጊዜ ግማሹን ያህል የደኸየ ይመስላል፤ የሚገዛው ጤፍ ግን በዚያው ልክ በአንድ ቀን አልቀነሰም። «በመግዛት አቅም» የተስተካከለ የሚባለው፣ ገንዘቡ በየሀገሩ ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ ታይቶ የሚሰላው አኃዝ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሮስሊንግም አራቱን ደረጃዎች ያወጣው በዚሁ መለኪያ ነው።

መምህር ዘደሴ | ጥቅምት 11

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቅዳሜ ዕለት የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረግን። አሥራ ሦስቱን ጥያቄዎች አቀረብሁ፤ ከሁሉ የበለጠ ያገኘው ተማሪ አምስት መለሰ፤ እኔ ራሴ ገና ሳላነብ ሞክሬው ያገኘሁት ስድስት ነው። የቆጠራ ሰውን ጽሑፍ ሳነብላቸው ከገጠር የመጡት ልጆች የየቀበሌያቸውን ቁና መጠን እየተናገሩ መከራከር ጀመሩ፤ አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቁና አምጥቶ በሚዛን እንደሚያሳየን ቃል ገብቷል።

የወሰንነው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ «ፋክትፉልነስ»፣ ከዚያ የሃርፎርድ የአኃዝ መጽሐፍ፣ ከዚያ የሴን የወሎ ምዕራፍ በፎቶ ኮፒ፣ ከዚያ የኮይልና የቻንግ መጻሕፍት። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት መጽሐፍ ከሁሉም ጎን ለጎን በየሳምንቱ አምስት ገጽ ይነበባል። ሰሜን ኮከብ፣ ያሰቡትን ሁለት ቅጂ በምስጋና እንቀበላለን።

ያቺ ተማሪ ደግሞ የቡድኑ ጸሐፊ ሆናለች። ለመጀመሪያ ሥራዋ የእናቷን የአንድ ቀን ሥራ ከንጋት እስከ ማታ በሰዓት መዝግባ እንድታመጣ ጠየቅኋት። ትናንት ያመጣችው ወረቀት ከ11 ሰዓት ሌሊት ጀምሮ 23 መስመር አለው፤ እያንዳንዱ ሥራ በሰው ቤት ቢሠራ በከተማችን ስንት እንደሚከፈልበት በስተቀኝ ለመጻፍ ባዶ ዓምድ ትታለች። ዋጋውን ጠያይቃ ስትሞላው እዚሁ እለጥፈዋለሁ።